የእትዬ ቅዳሜ ቀጠሮ

እህቴን ከተማው ሁሉ «እትዬ ቅዳሜ» ነው የሚላት። እናታችን ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ አሁን በዚያ ስም ብትጠራ ግን ዞራ የምታይ አይመስለኝም። ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱሪ ላመጣም፣ ቀሚስ ላመጣም፣ የመጋረጃ ጨርቅ ተሸክሞ ለመጣም የምትሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ቅዳሜ ና።» የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ፤ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ መላጣ ነኝ። ሦስቱን አንድ ላይ የተናገርኩት ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው። የሷን ሱቅና የኔን ሱቅ የሚለየው አንድ ግድግዳ ሲሆን እሱንም በር አስከፍተንበታል፤ ሙሉ ቁመት የሚያሳየው መስታወት ያለው እኔ ጋ ብቻ ነዋ። የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ጺም ላጭቼ ሳልጨርስ አንዲት ሴት ገና በስፒል የተያያዘ ቀሚስ ለብሳ ትገባና «እስቲ ዞር በልልኝ» ትለዋለች። እሱም ምላጩ ጉሮሮው ላይ እያለ ዞር ይላል። እስካሁን ሰው አልሞተብኝም።

የእህቴ ቀጠሮ የራሱ ሕግ አለው። «ቅዳሜ» ስትል ቢያንስ አሥር ቀን ለራሷ ደብቃ ነው። ከተማውም ይህን ስለሚያውቅ መልሶ ይዋሻታል። ሰርግ ያለባት እናት ከትክክለኛው ቀን ሦስት ሳምንት ቀንሳ ትነግራታለች። እህቴም መቀነሷን ስለምታውቅ ሦስቱን ሳምንት መልሳ ትደምራለች። ሁሉም እየዋሸ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ይደርስ ነበር፤ ራቁቷን የተዳረች ሙሽራ የለችም።

ይህን ሕግ ያሸነፈ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ ጡረታ የወጣ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ለአንድ ሱሪ ዘጠኝ ቅዳሜ ከተመላለሰ በኋላ በአሥረኛው ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ መጣና ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። አልተቆጣም፣ አልለመነም፤ ዝም ብሎ ያያታል። «ሂድና ቅዳሜ ና» ስትለው «ቅዳሜ እዚሁ ያገኘኛል» አላት። በማግስቱ ከሰዓት በፊት ሱሪው ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ተሰጠው። ያን ቀን እህቴ በበሩ አንገቷን አስግጋ «የተቆጣ ደንበኛ ይሄዳል፤ የለመነም ይሄዳል። ቁጭ ያለ ሰው ግን ምን ይደረጋል?» አለችኝ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

አንድ ቀን «ወገብህ ጨምሯል» ብላ ስለሰደበችኝ፣ የድሮ ልኬን አውጥቼ ላሳፍራት ብዬ የልኬት ደብተሯን አነሣሁ። ደብተሩ ውስጥ ሰው በምልክቱ እንጂ በስሙ አይጻፍም። «ረጅሟ» ይላል። «ዳቦ ጋጋሪው፣ ሆዱ ገና ይጨምራል» ይላል። «ዳይሬክተሩ፣ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ» ይላል። ስገልጥ ስገልጥ «እሷ» የሚል ገጽ ላይ ደረስኩ። ወገብ የለ፣ ቁመት የለ። ቅዳሜ፣ ሁለት ሴንቲ። ቅዳሜ፣ ሁለት። ቅዳሜ፣ ሁለት ተኩል። እንዲህ እያለ አሥራ ስድስት ቅዳሜ ወርዶ መጨረሻው ላይ አራት ይላል።

«ይሄ ደግሞ በየሳምንቱ የሚያድግ ምን ዓይነት ልብስ ነው?» አልኳት እየሳቅሁ። «ኪስ ነው?»

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። ጠመኔዋን ከጠረጴዛው አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ልብስ አይደለም። ጡቴ ላይ ነው» አለች።

ወንበሬ ላይ የነበረው ደንበኛ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ጺሙ እንደቀረ ተነሥቶ ወጣ። በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋልን። ሰው አንዳንዴ ጥሩ ነው።

«አራት ወር ሙሉ ዝም አልሽ?»

«አያምም እኮ። ቢያም ኖሮ እሄድ ነበር። ደግሞ የሥራ ጊዜ ሆነብኝ…»

«ቁጭ ብለሽ ትለኪዋለሽ?»

«ካልለካሁት በምን አውቀዋለሁ?»

ጮኽኩባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አሮጊት ሆነሽ እንዲህ ያለ ሞኝነት፣ ምናምን እያልኩ ጮኽኩባት። ፈርቼ ነበር፤ ስፈራ ነው የምጮኸው። ከዚህች እህት ሌላ ዘመድ የለኝም። ልጅ ሆነን እናታችን ስትሞት የሰው አሮጌ ልብስ በልኬ እያጠበበች ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ደግሞ እውነቱን ስናገር የጮኽኩት በሷ ብቻ አልነበረም። ትልቅ ከተማ ያለ ሰው እብጠት ሲያገኝ ታክሲ ይዞ ይሄድና ለምሳ ቤቱ ይመለሳል። እኛ ግን ይህን የሚያክሙበት ሆስፒታል ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ያስፈልገናል፤ መሀል ላይ ደግሞ ድልድዩ ሁሌ «ሊሠራ ነው» የሚባል ወንዝ አለ። ሱቅ ዘግተህ፣ ደንበኛ በትነህ፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድረህ ነው የምትሄደው። ለማያም ነገር ይህን ሁሉ የሚያደርግ ማን አለ? ሰው ሁሉ «እስኪያም» ይጠብቃል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ደባበሰችና ምንም ሳትናገር ሪፈር ጻፈች። ነርሷ ወሬኛ ናት፤ ያን ቀን ግን ወሬ አልነበራትም። ከሁለት ቀን በኋላ ሆስፒታል ደረስን፤ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱን እየጠበቅን ከሆስፒታሉ ጀርባ አልቤርጎ ተከራየን። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ነው፤ የኔ አልጋ መሀሉ ስለጎደጎደ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ደብዳቤ ታጥፌ ተኛሁ።

ዶክተሯ ቀጭን፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። «ካንሰር ነው። እስካሁን አልተሰራጨም። አሁን ካወጣነውና መድኃኒቱን ከተከታተሉ የመዳን ዕድልዎ ጥሩ ነው» አለቻት። ከዚያ የቀጠሮ ወረቀት ሰጠቻት፦ የሚቀጥለው ወር፣ ስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምሱ። «እንዳይቀሩ» አለች።

ውጭ ስንወጣ እህቴ «የጋውኗ ሁለተኛ ቁልፍ የለም» አለችኝ።

«ካንሰር ነው ስትልሽ አንቺ ያየሽው ቁልፏን ነው?»

«ሌላውን ማየት አቃተኝ» አለች።

ወደ አገራችን ተመለስን። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ሱቋ በዩኒፎርም ጨርቅ ተሞልቶ ነበር፤ ከላዩ ደግሞ ከተማው ሁሉ የሚፈራት አንዲት እናት የሙሽራ ልጇን የሰርግ ቀሚስ ጭናበታለች። እኔም ጋ እናቶች ልጆቻቸውን በጆሮ እየጎተቱ ለፀጉር ተሰልፈዋል። የመሄጃችን ቀን ሲደርስ ሻንጣ ይዤ በበሩ ገባሁ። እህቴ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነው።

«ተነሽ እንጂ! በስምንት ነው እኮ የተባለው።»

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። ሞኝ ልጅ እንደሚታይ ነበር ያየችኝ።

«የቀጠሮን ነገር ለኔ ትነግረኛለህ? ለቀባሪው አረዱት! አንተ፣ እጁ ላይ ሥራ ያለበት ሰው እውነተኛውን ቀን ይናገራል? እሷ በስምንት ያለችው በአሥራ ስምንት እንድንመጣ ነው። በስምንት ብንሄድ አሥር ቀን ኮሪደር ላይ ታስቀምጠናለች። እኔ እኮ ነኝ የማውቀው።»

እኔም አመንኳት። አሁን ሳስበው አናቴን በገዛ ምላጬ መላጨት ያምረኛል፤ የሚላጭ ነገር ቢኖርበት። ያመንኳት ግን ነገሩ እውነት ስለመሰለኝ ብቻ አልነበረም፤ ውጭ የተሰለፉት ልጆችም ስለታዩኝ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በአሥራ ስምንት ጠዋት ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆምን። የካርድ ክፍሏ ሴት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ወረቀቱን አየች፤ መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየች።

«እማማ፣ ይሄ እኮ አልፏል።»

«አውቃለሁ» አለች እህቴ ፈገግ ብላ። ሙያዋን ከሚያውቅ ሰው ጋር የምታወራ መስሏት ነበር።

«በቦታዎ ሌላ ሰው ገብቷል። አዲስ ቀጠሮ…» መዝገቡን ገለጠች፤ ገለጠች፤ ገለጠች። «ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ሐሙስ ይምጡ።»

የእህቴ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። ሠላሳ ዓመት ሰው ስትልክበት የኖረችውን መንገድ ዛሬ እሷ ልትሄድበት ነው። ወደኔ ዞራ «እኔም እንዲህ ነው እንዴ የምለው? ፊቴም እንዲህ ነው?» አለችኝ በቀስታ።

«የሷ ይሻላል። መዝገብ ታያለች» አልኳት።

ሁለት ወር ተኩል ማለት በእህቴ ደብተር ከአሥር ቅዳሜ በላይ ነው። በየቅዳሜው ስንት እንደሚጨምር ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት እሷ እጄን ያዘችኝ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወዳለው አግዳሚ ሄደች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ቁጭ አለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቁጭ ልል።»

ቁጭ አለች። ካርድ ክፍል ሲከፈት ትቀመጣለች፤ ሲዘጋ ትነሣለች። በሁለተኛው ቀን የካርድ ክፍሏ ሴት «እማማ፣ መቀመጥዎ ወረፋ አያመጣም» አለቻት። «ግድ የለም፣ ልጄ። ሐሙስ እዚሁ ያገኘኛል» አለች እህቴ።

እጇ ግን ሥራ መፍታት አይችልም። ሆስፒታል ሄዶ የተኛ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ የበሽተኛ ልብስ ከኋላው ማሰሪያ የለውም። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፈው በሽተኛ ሁሉ አንድ እጁን መቀመጫው ላይ አድርጎ ነው የሚሄደው። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ በዚህ ሁኔታ ሲያልፉ ሰው ሰላም ቢላቸው፣ የያዙትን ለቀው እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልነግራችሁም። እህቴ ይህን አይታ አላስቻላትም። ከልብስ ማጠቢያ ክፍሉ እየተቀበለች በመርፌ ማሰሪያ መቀጠል ጀመረች። በአራት ቀን ውስጥ ያ ኮሪደር ሁለት እጁን እያወዛወዘ የሚሄድ ሕዝብ ያለበት ኮሪደር ሆነ።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ጠዋት ጠዋት እኔ ሻይና ዳቦዬን ሳጣጥም እሷ ትመለከተኛለች እንጂ አትቀምስም። የጨነቃት መስሎኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ዶክተሯ አግዳሚው ፊት ቆመች።

«ማሰሪያውን የሚሰፉት እርስዎ ነዎት አሉ» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ አወቀቻት። «እርስዎ የስምንተኛው ቀን ነዎት!»

እህቴ ብድግ አለች።

«ያን ቀን እጄን ታጥቤ ቆሜ ነው የጠበቅኩዎት» አለች ዶክተሯ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ለመጀመሪያው ሰዓት የሚሆን ዝግጁ ሰው ከየት ይምጣ? ክፍሉ እስኪረፍድ ባዶ ቆየ። ያን ሰዓት የሚፈልግ ስንት ሰው ነበረ መሰልዎት? ለምን ቀሩ?»

እህቴ ነገረቻት። አንድም አልደበቀችም፤ ስለ ቅዳሜዋ፣ ስለ ደበቀቻቸው አሥር ቀኖች፣ ስለ ሰርግ እናቶች ውሸት። ዶክተሯ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅ ይሁን ንዴት አላወቅኩም፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። እህቴ ግን አለቀሰች። ካንሰር ነው ሲሏት ያላለቀሰችው ሴት «እጄን ታጥቤ ቆሜ» የሚለው ቃል አስለቀሳት። እህቴ ዓይኗን ጠርጋ «ጋውንሽን ወዲህ በይ» አለቻትና ሁለተኛውን ቁልፍ እዚያው ቆማ ተከለችላት።

«ይሄ ወረፋ አይሆንም እኮ፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። ቁልፍ ብቻ ነው።»

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ነርስ እየሮጠች መጣች። የመጀመሪያዋ ተረኛ አልመጣችም። ምርመራው ያለቀለት፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው አሁኑኑ ይፈለጋል። የካርድ ክፍሏ ሴት መዝገቧን አላየችም፤ መነጽሯን አውልቃ በጣቷ ወደ አግዳሚው አመለከተች።

«ከትናንት ማታ ወዲህ የቀመሱት ነገር አለ?» አለች ነርሷ።

«ሰባት ቀኔ ነው ጠዋት ጠዋት ሳልቀምስ ስመጣ» አለች እህቴ። «ምናልባት ብዬ።»

የነከስኩትን ዳቦ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሰባት ቀን ፊቷ ተቀምጬ ነበር የማኝከው።

ከኦፕራሲዮን ስትወጣ ነቃች፣ ተኛች፣ ነቃች። የመጀመሪያ ቃሏ «የማን ወረፋ ነበር?» የሚል ሆነ። ከኛም አልፎ ከወንዙ ማዶ ከሚገኝ ቀበሌ የመጣች ሴት ወረፋ እንደነበር ነርሷ ነገረቻት፤ ዝናብ መንገዱን ቆርጦባት ይሆናል አሉ። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዶክተሯ በማግስቱ ደብተሩን ይዛ መጣች፤ እኔ ነኝ ያሳየኋት። «በሥራ ዘመኔ እንዲህ የተለካ በሽታ አይቼ አላውቅም» አለች። ከዚያ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አደረገች፤ «እዚህ ጋ ቢመጡ ትንሽ ብቻ ነበር የምንቆርጠው።» ጣቷን ወደ መጨረሻው አወረደች፤ «እዚህ ስለመጡ ሙሉውን አወጣን፤ ግን ደርሰንበታል።» ከዚያ ከገጹ በታች ያለውን ባዶ ጠረጴዛ ነካች። «ሁለት ወር ተኩል ቢጠብቁ ደግሞ እዚህ ነበር» አለች። መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ጊዜ እንደሚሰጥ ነገረችን። «ቀኑ ቀን ነው፤ አይደመር፣ አይቀነስ» አለች። እህቴ ራሷን ነቀነቀች። ዶክተሯ ስትወጣ እህቴ ግራ ጎኗን እያየች «ልኬቴ ተቀየረ። ግድ የለም፣ በገበር እሞላዋለሁ» አለችኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ እሷ ሳቀችልኝ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በስምንተኛው ቀን ወጣን። የአውቶቡስ ትኬት ኪሴ ውስጥ ነው። በካርድ ክፍሉ በኩል ስናልፍ መስኮቱ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የደረቀበት፣ የቀጠሮ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ የያዘች። «ባለፈው ሳምንት ነበር ቀጠሮዬ፤ መንገዱ ተቆርጦ…» ትላለች። የካርድ ክፍሏ ሴት መዝገቡን ትገልጣለች፤ ትገልጣለች። ሁለት ወር ከምናምን። ሴትየዋ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወረቀቷን መልሳ ጠቀለለች። አልተከራከረችም። ወደ በሩ መሄድ ጀመረች።

እህቴ እጇን ከእጄ አወጣች።

«የት ነው የምትሄጂው?» አለቻት ሴትየዋን።

«ወደ አገሬ ነዋ። በቀጠሮዬ እመለሳለሁ።»

«አትሄጂም። ነይ፣ እዚህ ጋ ቁጭ በይ» አለችና በፋሻ የታሰረ ጎኗን ደግፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ቦታም ለቀቀችላት። «ጠዋት ጠዋት ምንም አትቅመሺ። ቢያባርሩሽ አትነሺ። ብትሰለቺም እኔ አለሁ።»

«አንቺ! አውቶቡሱ!» አልኩ።

«አንተ ሂድ። ደንበኞችህ ጎፈሬ አበቀሉ። የሙሽራዋን እናት ቅዳሜ በላት።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«እሷ ስትገባ» አለች፤ ሴትየዋን በአገጯ እያመለከተችኝ።

ብቻዬን ተመለስኩ። የሙሽራዋ እናት ሱቄ ውስጥ ጠበቀችኝ። «ቅዳሜ ትመጣለች» ስላት ፊቷ ቀላ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጡቱን፣ አግዳሚውን፣ ጭቃ የነካትን ሴት። ከዚያ መላጨት የማያስፈልጋት ሴትዮ በየቀኑ እየመጣች ወንበሬ ላይ መቀመጥ ጀመረች። ስለ ቀሚሱ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። «ሴትዮዋ ገባች?» ነበር ጥያቄዋ።

በዘጠነኛው ቀን እህቴ ደወለች። «ገባች፣ ወጣች፣ ደኅና ናት» አለችኝ።

«አንቺስ መቼ ትመጫለሽ?»

«ቅዳሜ።»

ከተማው ሳቀ። «በቃ ወር ያልፋል» ተባለ። አርብ ከሰዓት በኋላ የአንዱን ጭንቅላት ግማሽ አድርሼ ሳለሁ የሙሽራዋ እናት ከወንበሩ ብድግ አለች። እህቴ ሻንጣዋን በቀኝ እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አርብ ነው እኮ፤ አንድ ቀን ቀድማ!

እህቴ መጀመሪያ መስታወቱ ፊት ቆማ ግራ ጎኗን አስተካከለች። ከዚያ ደብተሯን ገለጠች፣ እርሳሷን ያዘች።

«የልጅሽ ሰርግ መቼ ነው?» አለቻት።

የሙሽራዋ እናት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። ከዚያ እውነተኛውን ቀን ነገረቻት።